የማይወድቀው መሰናክል
(ስለ አትሌት ለሜቻ ግርማ እና ብዙ ሰው ስላየው አንድ አጭር ቪዲዮ)

በዚህ እትም ስለ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሯጭ ላጫውታችሁ ነው። ጽሑፉ በተለይ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የታሰበ ቢሆንም ወላጆችም ብታነቡት አትከስሩም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦገስት 2024 ላይ ለመምህራን ሥልጠና ከካኩማ ወደ ናይሮቢ መጥተን ኪሊማኒ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀምጠን ነበር። ኪሊማኒን ለማታውቁት፣ ፎቅ የበዛበት፣ የሐበሻ ምግብ ቤትም የማይጠፋበት ሰፈር ነው። ኦገስት 7 ማታ እኔና ሦስት መምህራን ከነዚያ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብተን አንድ ሽሮ ለአራት አዘዝን፤ አቅማችን እሱ ነው። ቴሌቪዥኑ የፓሪስን ኦሎምፒክ ያሳያል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ የወንዶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ተጀመረ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ ሳይቀር፣ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ለሜቻ ግርማ ከፊተኞቹ ጋር ነው። የዓለም ክብረ ወሰን የእሱ ነው፤ ወርቁ ግን እስከዚያ ቀን አልተገኘም። ዛሬስ ይሆናል አልን።

ሩጫው ሊያልቅ 200 ሜትር ገደማ ሲቀር አንድ መሰናክል ላይ እግሩ ተመታና ወደቀ። ጭንቅላቱ ከመሮጫው ጋር ተጋጨ። አልተነሳም። ሌሎቹ ጨርሰው ገቡ፣ አሸናፊው ባንዲራ ለበሰ፣ ለሜቻ ግን እንደተኛ ነው። ምግብ አብሳይዋ እናት ከጓዳ ወጥተው «ልጄን! ኧረ ልጄን አንሡልኝ!» እያሉ ቆሙ። ማን አንደኛ ወጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በቃሬዛ ሲያወጡት ሽሯችን ቀዝቅዞ ነበር። ቆይቶ ሆስፒታል ውስጥ መሆኑና ራሱን ማወቁ ሲነገር ነው የተኛነው።

ካምፕ ስመለስ ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሷል። ተማሪዎቼ በስልክ እየተቀባበሉ አይተውታል። «ቲቸር፣ ያንን የወደቀውን ሰውዬ አይተውታል?» አሉኝ። «ስሙ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከክፍሉ ውስጥ ስሙን ያወቁት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ የሚያውቀው «የወደቀው» ብሎ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህ ውድድር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችሁ መሰናክል ሲባል የምታውቁት አጭሩን ሩጫ ነው። በ110 እና በ400 ሜትር ሩጫ ላይ ያለው መሰናክል ቀላል ነው፤ ሯጩ ቢነካው ይወድቃል፣ ሯጩም ይቀጥላል። የ3 ሺህ ሜትሩ ግን ሌላ ነው። ወፍራም አግዳሚ ያለው፣ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በሉት። ቢመቱት አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሰውዬው ነው። ለዚህም ነው ሯጮች አንዳንዴ እግራቸውን አግዳሚው ላይ አሳርፈው የሚሻገሩት፤ ደንቡም ይፈቅዳል።

ቁመቱ ለወንዶች 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሯጩ ሰባት ዙር እየዞረ በየዙሩ አምስት ጊዜ ይዘላል፤ ከአምስቱ አንዱ ከበስተጀርባው ውኃ የተሞላ ጉድጓድ ያለው ነው። ስለዚህ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውኃ ዝላይ፣ በድምሩ 35 ዝላይ አለ ማለት ነው። ጉድጓዱ ከመሰናክሉ ሥር ጠለቅ ብሎ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል፤ ርቆ የዘለለ ትንሽ ይረጥባል፣ ያልቻለ ውኃው መካከል ይገባል። እርጥብ ጫማ ደግሞ ይከብዳል።

የውድድሩ መነሻ እንግሊዝ አገር ነው ይባላል። ድሮ ፈረሰኞች ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወደ ሌላው እያዩ፣ አጥርና ወንዝ እየዘለሉ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ በኋላ ሰዎች በእግራቸው ያደርጉት ጀመር። መሰናክሉ የአጥሩ፣ ጉድጓዱ የወንዙ ምሳሌ ነው። በእኛ በኩል ሲታይ የተጠለልንበት አገር ኬንያ የዚህ ሩጫ ባለቤት ናት ማለት ይቻላል። ከ1968 እስከ 2016 ድረስ ኬንያ በተካፈለችበት ኦሎምፒክ ሁሉ የወንዶቹን ወርቅ የወሰደው ኬንያዊ ነው። ኢትዮጵያውያን በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሲገኑ በመሰናክል ግን የተሳካላቸው ጥቂቶች ናቸው። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ አምጥቷል። ሶፊያ አሰፋ በ2012 ለንደን ላይ ሦስተኛ ወጥታ፣ በኋላ አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ስትሰረዝ ብሩ ለእሷ ሆኗል።

የለሜቻ መንገድ

ለሜቻ ግርማ የተወለደው በኖቬምበር 2000 ነው፤ አገሩ ኃይሌን፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያፈራው አርሲ ነው። ዓለም ያወቀው ኦክቶበር 2019 ዶሃ ላይ ነው። ያን ጊዜ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ከኬንያዊው ኮንሰስለስ ኪፕሩቶ ጋር ተናንቆ አብሮ ገባ። የኪፕሩቶ ሰዓት 8 ደቂቃ ከ01.35 ሰከንድ፣ የለሜቻ 8 ደቂቃ ከ01.36 ሰከንድ። ልዩነቱ አንድ መቶኛ ሰከንድ ነው።

እስቲ የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ። 8 ደቂቃ ከ01.36 ሰከንድ 481.36 ሰከንድ ነው። 3000 ሜትርን ለዚህ ብታካፍሉት በሰከንድ 6.23 ሜትር ገደማ ይመጣል። በአንድ መቶኛ ሰከንድ ስንት ነው? ስድስት ሴንቲ ሜትር ከምናምን። የክብሪት ቀፎ ቢቀመጥ ከዚያ ብዙም አይርቅም። መጨረሻው ላይ ስለሚፈጥኑ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከሦስት ኪሎ ሜትርና ከ35 ዝላይ በኋላ ወርቅና ብርን የለያቸው ይህች ናት።

ከዚያ በኋላ ብሩ ተከተለው። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በ2022 አሜሪካ ኦሪገን ላይ፣ በ2023 ቡዳፔስት ላይ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። በሦስቱም የቀደመው አንድ ሰው ነው፤ ሞሮኳዊው ሱፍያን ኤል ባካሊ። የኬንያን የኦሎምፒክ የበላይነት የሰበረውም ይኸው ሰው ነው። ዶሃን ጨምረን ስንቆጥር ለሜቻ በመሰናክል አራት የብር ሜዳሊያ አለው ማለት ነው። አገር ቤት «ወርቅ እንቢ ያለው» የሚሉት አሉ። እኔ ግን አራት ጊዜ በዓለም ሁለተኛ የሆነ ሰው ምን ጎደለው ብዬ እጠይቃለሁ።

ደግሞ 2023ን ተመልከቱ። በፌብሩዋሪ ፈረንሳይ አገር ሊዬቫን ላይ በቤት ውስጥ 3 ሺህ ሜትር በ7 ደቂቃ ከ23.81 ሰከንድ ሮጦ ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን ከ1998 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ጁን 9፣ ፓሪስ ላይ 3 ሺህ ሜትር መሰናክሉን በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ጨረሰ። ኬንያ ተወልዶ ለኳታር የሮጠው ሳይፍ ሰኢድ ሻሂን በ2004 ያስመዘገበው 7 ደቂቃ ከ53.63 ሰከንድ ወደ 19 ዓመት ገደማ ማንም ሳይደርስበት ቆይቶ ነበር። የለሜቻን ሰዓት በዙር ብትመነዝሩት አንዱ 400 ሜትር ወደ 63 ሰከንድ ይመጣል። እናንተ ሜዳችን ላይ አንድ ዙር በ63 ሰከንድ ሞክሩት፤ ያለ መሰናክል። ከዚያ ሰባት ተኩል ጊዜ አባዙት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፓሪስ በ2023 ክብረ ወሰን የሰበረባት፣ በ2024 የወደቀባት ከተማ ናት። የክብረ ወሰኑን ሩጫ ከተማሪዎቼ መካከል ያየው የለም። ውድቀቱን ያላየው ደግሞ የለም።

ቪዲዮ ለምን ይዞራል?

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ለምን እሱን ብቻ ያሳዩናል?» ብለውኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሦስት ነገር አለው።

አንደኛ፣ ውድቀት አጭር ነው። ስምንት ደቂቃ ሩጫ ለማየት ስምንት ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ውድቀት አሥር ሰከንድ ይበቃዋል። የኢንተርኔት ካርድ በሃያ ሽልንግ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ቋንቋ አይፈልግም። የሚያየው ብራዚላዊም ይሁን ቻይናዊ ይደነግጣል፣ ያዝናል፣ ለጓደኛው ይልካል። ሦስተኛ፣ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ የተሠሩት ሰው ቆም ብሎ ያየውን ነገር ለሌላው ደግሞ እንዲያቀርቡ ነው። ማሽኑ ስለ ሰውዬው አያስብም፤ የሚቆጥረው ዓይን ነው። ዓይን ባበዛ ቁጥር ያንኑ ይደጋግማል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለው የአባቶቻችን አባባል በስልክ ዘመንም ሠርቷል ማለት ነው።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በኦገስት 2016 ብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ እቴነሽ ዲሮ በሴቶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ከፊት ሆና እየሮጠች ሳለ፣ ሯጮች ተጋጭተው በተፈጠረው ግርግር የአንድ እግሯ ጫማ ተበላሸ። ልታስተካክለው ሞከረች፤ እንቢ ሲላት ጫማውን ከነካልሲው አውልቃ ጣለችና በአንድ ባዶ እግር መሰናክሉንም ውኃውንም እየዘለለች ጨረሰች። ለፍጻሜ የሚያበቃ ቦታ አላገኘችም ነበር፤ አቤቱታ ቀርቦ ግን ዳኞቹ እሷንና በዚያው ግርግር የተጎዱ ሁለት ሯጮችን አሳለፉ። ሜዳሊያ አላመጣችም። ቪዲዮዋ ግን በዓለም ዞረ፤ ብዙ ሰው በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ቢቂላን አስታወሰባት። በነገራችን ላይ የስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በዚያው ሪዮ ላይ ነው። ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ ከእኛው ካኩማ የወጡ፣ በቴግላ ሎሩፔ አስተባባሪነት እዚሁ ናይሮቢ አጠገብ ንጎንግ ላይ የሠለጠኑ ሯጮች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበረ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ብራዚላዊው አሊሰን ዶስ ሳንቶስ እንደ ለሜቻ በ2000 የተወለደ የ400 ሜትር መሰናክል ሯጭ ነው። ሕፃን ሳለ የጋለ ዘይት ፈስሶበት ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ ቀርቷል። ልጅ እያለ በጠባሳው እያፈረ ኮፍያ ያደርግ ነበር። በጁላይ 2022 ኦሪገን ላይ፣ ለሜቻ ብሩን ባገኘ ማግስት፣ በዚያው ስታዲየም በ46.29 ሰከንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ በአገሩ በኢንተርኔት እጅግ የሚወደድ፣ በተጫዋችነቱ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ጠባሳውን አይደብቅም። ሰው ምስሉን የሚያየው ስሙን፣ ታሪኩንና ሥራውን አውቆ ስለሆነ፣ ጠባሳው ከሰውዬው አይበልጥም። የለሜቻ ቪዲዮ ግን ስምም ታሪክም ሳይኖረው ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከወደቁ በኋላ

ያ የፓሪሱ ሩጫ ራሱ ሌላ ታሪክ ነበረው። ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ኬኔት ሩክስ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2023 የአገሩ ሻምፒዮና ላይ ወድቆ፣ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ፣ ተነስቶ ያሸነፈ ሰው ነው። በሴፕቴምበር 2025 ቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የኒውዚላንዱ ጆርዲ ቢሚሽ በማጣሪያው ወድቆ ሌላው ሯጭ በባለ ሹል ጫማ ፊቱን ረግጦት ነበር። ተነስቶ አለፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ኤል ባካሊን በመጨረሻዋ እርምጃ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ።

ለሜቻስ? በቀላሉ አልተነሳም። የእሱ ውድቀት እንደ ሌሎቹ አቧራ አራግፎ የሚቀጥሉት አልነበረም፤ የራስ ጉዳት ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሆኖም ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው የ2025 ቶኪዮ ፍጻሜ ላይ ቆሟል። ሜዳሊያ አላገኘም። ያንን ሩጫ በስልኩ የላከልኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔው ነኝ ፈልጌ ያሳየኋቸው። 28 ደረቅ መሰናክል፣ 7 ውኃ፣ አንድ በአንድ እየተሻገረ ሲጨርስ ክፍሉ አጨበጨበ። እንደዚያ ዓይነት ጭብጨባ እኔ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ከቪዲዮው በኋላ ባለው ሳምንት ተማሪዎቼን ወደ ውጭ አወጣኋቸውና በሜትር 91.4 ሴንቲ ሜትር ለክተን ሁለት እንጨት መካከል ሲባጎ ወጠርን። ለሴቶቹ በ76.2 ሌላ ወጠርን፤ የክፍላችን ዴስክ ያህል ነው። ቆሞ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሮጠው ሲመጡ ግን አብዛኞቹ ደርሰው ቆሙ። ሲባጎ እንኳ ሆኖ ፈሩት። ከዚያ ወዲህ «የወደቀው» ሲሉ አልሰማሁም፤ «ለሜቻ» ነው የሚሉት።

በዚያ ቀን ሲባጎውን የያዘችልኝ አንዲት ተማሪ ነበረች። በብሔራዊ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አምጥታ ልጆች «ፌል» የሚል ስም አውጥተውላት ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም ነበር። እናቷ ለምነው ነው የመለሷት። ያቺ ልጅ ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በተከታታይ ትምህርት ቤት ተመላልሳለች፤ ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይ በእግሯ ሄዳ። ይህን ሁሉ ማንም ቪዲዮ አላነሳውም። የታየው አንዱ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ራሴም ልናገር፣ ካልሆነ ፍትሕ አይሆንም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው አገር ጥዬ የወጣሁት። ሰው ሲያስተዋውቀኝ «ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠው» ይላል። ውሸት አይደለም፤ አቋርጫለሁ። ግን የተማርኳቸው ሁለት ዓመት ተኩል አልተቋረጡም፤ ዛሬ እናንተን የማስተምረው በእነሱ ነው። ይህን ለራሴ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ቶሎ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ውድቀት የለም አልልም። መሰናክሉ እውነት ነው፣ አይወድቅም፣ ይሰብራል። ለሁላችንም እኩል ቁመት ተደርጎም አልተተከለም። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውን አሥር ሰከንድ አይታችሁ ሰውዬውን አወቅሁት አትበሉ። ቪዲዮ ስትልኩ ስሙን ጨምራችሁ ላኩ። ስሙን ካላወቃችሁ ፈልጉ። ከዚያ በፊት ምን ሠራ፣ ከዚያስ በኋላ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የለሜቻ የ2023 ሰዓት (7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ) ከቀድሞው ክብረ ወሰን (7 ደቂቃ ከ53.63 ሰከንድ) በስንት ሰከንድ ይሻላል?

2. የ400 ሜትር መሰናክልና የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል በምን ይለያያሉ? ሁለት ልዩነት ጻፉ።

3. በስልካችሁ ያያችሁትን የአንድ ሰው አጭር ቪዲዮ አስቡ። ስለዚያ ሰው የማታውቁትን ሦስት ነገር ጻፉ፤ ከተቻለም ፈልጋችሁ መልሱን ለክፍሉ ንገሩ።

መልሶቻችሁን ለክፍል መምህራችሁ ስጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።